ዘቢዳር ሥር እንግዳ ይደር?

ወጣቱ፦ ጋሼ፣ ቡታጅራ ቆሞ ዘቢዳርን ያላየ የለም። ወጥቶ ያየው ግን ስንት ነው? ከተማዋ ያለችው 2100 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ነው፤ የተራራው ጫፍ ከ3700 ሜትር ያልፋል። ማልዶ የተነሳ ሰው በአንድ ቀን ውስጥ ከጫቱና ከእንሰቱ ማሳ ወደ ገብሱ፣ ከገብሱ ወደ አስታውና ወደ ጅብራው ይደርሳል። እንዲህ ያለ ጉዞ ፍለጋ ሰው ሰሜን ተራሮችና ባሌ ድረስ ይሄዳል። የእኛው ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጦ ጠያቂ አጥቷል። ስለዚህ ከተራራው ሥር ፈረስ ያለው የእንግዳ ማረፊያ ይኑር እላለሁ። እንግዳው ይደር፣ በፈረስ ይውጣ፣ በእግሩ ይውረድ፣ የአገሩን ምግብ ይብላ።

አዛውንቱ፦ ጠያቂ አጥቷል አትበል። እረኛው በየቀኑ ይወጣበታል። ጉሙ ሲጫነው አይቶ ዝናቡን የሚገምት ገበሬ አለ። ከምሥራቅ በኩል የሚወርደው ውሃ በመቂ ወንዝ አድርጎ ዝዋይ ይገባል፤ በምዕራብ ያለው በዋቤ በኩል ግቤን፣ ከዚያም ኦሞን ይቀላቀላል። ቱርካና ሐይቅ ዳር ያለ ሰው ሳይቀር ከዚህ ተራራ ውሃ ድርሻ አለው። ጠያቂ አጣ ያልከው ኪሱ የሞላ ሰው ስላልመጣ ነው።

ወጣቱ፦ እሺ፣ ገንዘብ ይዞ የሚመጣ አጣ ልበል። እሱም ቢሆን ነውር የለበትም። መንገዱን ይመልከቱት። ከአዲስ አበባ ሲወጣ መልካ ቁንጥሬ አለ፤ ከባልጪት ጋር በ2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ከዚያ አለፍ ሲል ከአለት የተፈለፈለችው አዳዲ ማርያም አለች። ቀጥሎ ጥያ ነው፤ በ1980 እ.ኤ.አ. የተመዘገበ፣ 36 ድንጋይ የቆመበት፣ ከእነሱም 32ቱ ሰይፍና ሌላ ምልክት የተቀረጸባቸው። ከቡታጅራ ትንሽ ወደ ደቡብ ወረድ ሲሉ ስልጤ ዞን ውስጥ አራ ሸጣን ሐይቅ አለ፤ የእሳተ ገሞራ ፍንዳታ የቆፈረው ጉድጓድ ነው። አፋፉ ላይ ቆሞ ድንጋይ ያልወረወረ ጎብኚ የለም፤ ውሃው ጋ አይደርስም ሲባል ሰምቶ መሞከሩ አይቀርም። ከዚያ ተራራውን በፈረስ ተሻግሮ ወደ እዣና ጉመር ነው፤ ሰፊውን የመንደር መንገድ ጀፎረውን አይቶ በእምድብር በኩል ወልቂጤ ይወርዳል። ከወልቂጤ ማዶ የግቤ ሸለቆ ብሔራዊ ፓርክ አለ፤ 360 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ወንዙም ጉማሬ አለው። ሲመለስ በጅማ መንገድ ወሊሶን፣ ከፈለገም ወንጪን አይቶ አዲስ አበባ ይገባል። ሄዶ በመጣበት አይመለስም፤ ዙሪያውን ነው የሚዞረው። እንዲህ ያለ ዙር ለአዲስ አበባ በዚህ ቅርበት ሌላ የት አለ?

አዛውንቱ፦ ስትዘረዝረው ደስ ይላል። እኔ የማየው ግን ሌላ ነው። መኪናው ጥያ ላይ ግማሽ ሰዓት ይቆማል። ሰዎቹ ወርደው ፎቶ ይነሳሉ። ቡታጅራ ገብተው ክትፎ ይበላሉ። ማታ አዲስ አበባ ናቸው። የእኛ አገር ቅርበት ያተረፈልን ይህንን ነው። ሩቅ ብንሆን ኖሮ ማደራቸው አይቀርም ነበር።

ወጣቱ፦ እኔም የምለው እሱን ነው። የሚያሳድር ነገር ስላላዘጋጀን ነው የሚመለሱት።

አዛውንቱ፦ አልጋ ስለጠፋ ይመስልሃል? ቡታጅራም ወልቂጤም ሆቴል ሞልቷል።

ወጣቱ፦ የከተማ ሆቴል ውስጥ ያደረ ሰው ያደረው ከተማ ነው። ሰው ከተማውን ጥሎ የሚመጣው ሌላ ዓይነት ሌሊትና ሌላ ዓይነት ጠዋት ፈልጎ ነው። ሣር ክዳን ሥር ተኝቶ፣ ከብቱ ሲተነፍስ እየሰማ፣ ሲነጋ በቅቤና በጨው የተፈላ ቡና ጠጥቶ ፈረሱን የሚጭን ሰው ያየውን አይረሳም።

አዛውንቱ፦ የሚመጣውስ መቼ ነው? ከሰኔ እስከ መስከረም ተራራው አይታይም። ጉም ነው፣ ጭቃ ነው፣ ብርድ ነው። እዚያ ከፍታ ላይ ራሱን የሚያመው ሰው አለ። ፈረስ ቢያንሸራትተው፣ እግሩ ቢሰበር፣ ተሸክሞ የሚያወርደው ማን ነው? የጉመር ሰው ፈረስ ላይ ያደገ ነው፤ የቦሌ ልጅ ግን ኮርቻ ላይ ወጥቶ አያውቅም።

ወጣቱ፦ ክረምቱን ይተዉት፤ ማንም አይጠራበትም። ከመስቀል ማግስት እስከ ግንቦት ይበቃናል። ፈረሱን የሚመራው ባለቤቱ ነው፤ ቁልቁለት ላይ እንግዳው ይወርዳል። ሁለት ሦስት ወጣቶች የመጀመሪያ ሕክምና እርዳታ ይሠልጥኑ። ይህ ሁሉ በትንሽ ገንዘብና በትንሽ ሥልጠና የሚፈታ ነው። የመጀመሪያው እንግዳም ፈረንጅ ይሁን አላልኩም። እንግዳው አለን። በየዓመቱ ለመስቀል አዲስ አበባ ያለው ጉራጌ ወደ አገሩ ይጎርፋል፤ ሙስሊሙም ለአረፋ እንዲሁ።

አዛውንቱ፦ እሱ እኮ የሚያድረው አባቱ ቤት ነው። ለገዛ ልጃችን አልጋ ልንሸጥለት?

ወጣቱ፦ አባቱ ቤት የሚያድረውን አይደለም የምለው። ልጁን ነው፣ የልጁን ልጅ ነው። አዲስ አበባ ተወልዶ፣ ቋንቋውን በከፊል ሰምቶ፣ የአያቱ ቤት የተዘጋበት ስንት ወጣት አለ መሰለዎት? በበዓል መጥቶ ክትፎውን በጣባ በልቶ፣ ዘመድ ስሞ፣ በሦስተኛው ቀን ይመለሳል። ተራራው ከጀርባው ቆሞ ሳለ አንድ ጊዜ እንኳ አልወጣበትም። ጀፎረው ለምን እንዲያ ሰፊ እንደሆነ የነገረው የለም። እኔ እንግዳ የምለው መጀመሪያ እሱን ነው፤ ከባሕር ማዶ የሚመጣውንም የእኛን ልጅ።

አዛውንቱ፦ እዚህ ላይ ነካኸኝ። ይህን ተራራ የእኛ ልጆች አያውቁትም፤ እውነት ነው። ግን ልጅህን አገሩን ለማሳወቅ ገንዘብ ታስከፍለዋለህ?

እናት፦ ያስከፍለው እንጂ! ይቅርታ፣ ሳልጠራ ገባሁ፤ ዝም ብዬ ብሰማ ግን የምታወሩት ስለ እኔ ሥራ ሆነ። እናንተ «የአገሩን ምግብ ይብላ» ስትሉ በአንድ አፍ ነው የምትሉት። ቆጮው ከየት ይመጣል? እንሰቱ ለመድረስ ዓመታት ይፈጃል። ሲደርስ የሚፍቀው ማን ነው? ሴት ናት። በቀርከሃ ፍቃ፣ ጉድጓድ ውስጥ ቀብራ፣ አብላልታ፣ አውጥታ፣ ከትፋ፣ ጋግራ ነው እንግዳው ፊት የሚቀርበው። ቡላው፣ አይቡ፣ ጎመኑ፣ ቅቤው ሁሉ እንዲሁ ነው። ወንዱ ፈረሱን ይዞ ተራራ ወጥቶ ገንዘቡን ተቀብሎ ይመለሳል፤ እኔ ጭስ ውስጥ እቀራለሁ። ነጻ መስተንግዶ የምትሉት ለእናንተ ነው ነጻ የሆነው። ለእኔ መቼም ነጻ ሆኖ አያውቅም።

አዛውንቱ፦ እህቴ፣ እንግዳ መቀበል በገንዘብ ሲለካ…

እናት፦ ወንድሜ፣ በገንዘብ ሳይለካም በጉልበት ይለካል። ይህ ልጅ ያመጣውን ነገር ልደግፍ አይደለም የመጣሁት፤ እሱም አልጠየቀኝም። ግን ክፍያው በማን እጅ እንደሚገባ ሳይነገረኝ ስለ ጣዕሙ እንዳታወሩ።

ወጣቱ፦ እትዬ፣ ልክ ነዎት። የፈረሱ ለባለ ፈረሱ፣ የአልጋውና የምግቡ ግን በቀጥታ ለቤቱ እመቤት ይከፈል፤ በባሏ ስም ሳይሆን በራሷ። ይህ ደንብ ሆኖ ይጻፍ።

አዛውንቱ፦ እንግዲያው እኔም ያሰብኩትን ልናገር። እኛ እንግዳ መቀበል ከእናንተ ልንማር አይደለም። ምድረ ከብድ አቦ መጋቢት 5 ስንት ሺህ ሰው ይውላል? አብሬት ለመውሊድ የሚሰበሰበውን ሕዝብ አይተሃል? ሙህር ኢየሱስስ? ከሩቅ የመጣ ሁሉ ይበላል፣ ያድራል፣ ይሸኛል። የከፈለ የለም። ያ እንግዳ የመጣው ለጸሎት ነው። ዓይኑ የእኔ ቤት ላይ አይደለም። አንተ የምታመጣው ግን ቤቴን ሊያይ ነው የሚመጣው። የምተኛበትን፣ የምበላበትን፣ ከብቴን ያሰርኩበትን። እኔ የምኖርበትን ሕይወት እንደ ጥያ ድንጋይ ዞሮ ሊያየው ነው። ልዩነቱ ከገንዘቡ ይበልጥብኛል።

ወጣቱ፦ ይህ ከባድ ጥያቄ ነው።

አዛውንቱ፦ ገና ነው። ጀፎረ ስትል እንደ መናፈሻ አወራኸው። ጀፎረ ግራና ቀኙ ቤት የተሰለፈበት፣ ሣሩ ሳይታረስ ሳይታጠር ስንት ትውልድ ያለፈበት የሁላችን መንገድ ነው። ጥጃው ይግጥበታል፣ ልጁ ይጫወትበታል፣ ሙሽራ ይታጀብበታል፣ ለቅሶ ይቆምበታል። ወደ ጀፎረው አጥሩን የገፋ ሰው ሽማግሌ ፊት ይቆማል፤ የአገሩ ሕግ፣ ቂጫው፣ አይፈቅድለትም። ይህ መንገድ እስከ ዛሬ የተረፈው ስለማይሸጥ ነው። አሁን እዚያ ላይ ስልኩን ያነሳ መንገደኛ ለቅሶ እየቀረጸ ቢሄድ ምን ትለዋለህ? ከፍያለሁ ቢልህስ?

ወጣቱ፦ ለቅሶ ባለበት ቀን እንግዳ በጀፎረው አያልፍም። ሰው ሳይፈቅድ ፎቶ አይነሳም። ደንቡን የጣሰ ዳግመኛ አይመጣም። ለጋሼ የምመልሰው ግን ይህን ብቻ አይደለም። ጀፎረው ስለማይሸጥ ተረፈ አሉ፤ እውነት ነው። አሁን የሚያሰጋው ግን ሻጭ ሳይሆን ረስቶ የሚሄድ ነው። ወጣቱ መርካቶ ይገባል፣ እህቶቻችን ዓረብ አገር ይሄዳሉ፣ የቀረው ማሳውን በባሕር ዛፍና በጫት ይሞላል። ሣር ክዳኑ ቆርቆሮ ሆኗል። ሣር ክዳን የሚሠራ እጅ እየተመናመነ ነው። አስታው ለማገዶ ይቆረጣል፣ እርሻው ወደ ላይ ይወጣል። ጋሼ የሚጠብቁትን ነገር እንግዳ ሳይነካው እኛው እየጨረስነው ነው። ገቢ የሚያመጣለትን ነገር ሰው ይጠብቃል። አዳባና ዶዶላ ላይ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ በጀርመኖች እርዳታ የፈረስ ጉዞ ተጀመረ፤ በየጫካው ማረፊያ ቤት ተሠራ፣ ባለ ፈረሱና አስጎብኚው የአካባቢው ሰው ሆነ። ከዚያው ጎን ጫካው ለነዋሪዎች ማኅበር ተሰጥቶ በደንብ እንዲጠበቅ ተደረገ። ላስታና መቄት ላይም ገበሬው ራሱ የሚያስተዳድረው ማረፊያ ተሠርቶ ሰው በእግሩ ከመንደር መንደር እየሄደ አድሯል። መነሻ የምንማርበት አገር ውስጥ አለን።

አዛውንቱ፦ ላስታን ካነሳህማ ጨርሰው። ኮቪድ ሲመጣ እንግዳው ቀረ፤ ቀጥሎ ጦርነቱ መጣ። አስጎብኚው፣ ባለ በቅሎው፣ ምግብ አብሳዩ ሁሉ በአንድ ቀን ባዶ እጁን ቀረ። እንግዳን ተስፋ ያደረገ ኑሮ የሰላም እስረኛ ነው። እዚህም ቢሆን መስቃንና ማረቆ የደረሰውን ግጭት አይተናል። መንገድ በተዘጋ ቁጥር ቤትህ ሊራብ ነው?

ወጣቱ፦ እዚህ ላይ ግን የእኛ አገር ከሌላው ይሻላል። እንሰት ያለው ቤት አይራብም። እንግዳው ቢመጣ ጭማሪ ነው፤ ባይመጣ ጓሮው አለ። ስለዚህ ነው ትልቅ ሎጅ የማልፈልገው። ሎጅ እንግዳ ከሌለው ይዘጋል፤ ቤት ግን እንግዳ ባይኖረውም ቤት ነው። አንድ ቤት በወር ጥቂት ሌሊት ብቻ እንግዳ ያሳድር። ተራ ይግባ። እርሻውን ትቶ አስጎብኚ የሚሆን ሰው አይኑር።

እናት፦ ይህን ቀድመህ ብትናገር ጭቅጭቁ ባጠረ።

አዛውንቱ፦ አሁን የተናገረው እሱ ነው፤ ኋላ የሚሠራው ግን ሌላ ነው። ነገሩ በትንሽ ይጀመርና ሰው መምጣት ሲጀምር ገንዘብ ያለው ይደርሳል። ወንጪን ተመልከት። ነዋሪው በማኅበር ሆኖ ፈረስ ሲያከራይ፣ በጀልባ ወደ ቂርቆስ ደሴት ሲያሻግር ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ2021 ከዓለም ምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዱ ተባለ። በ2012 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የገበታ ለሀገር ሥራም መንገድና ትልቅ ሎጅ አመጣለት። መንገዱ መልካም ነው፣ አላማሁትም። ግን ባለ ፈረሱ ከባለ ሎጁ ጋር እኩል ይነጋገራል? ዘቢዳር ሥር እንዲህ ያለ ሎጅ የሚሠራ ሰው ቢመጣ መሬቱን የሚሰጠው እኛ አይደለንም፤ ቢሮ ነው። ያኔ አንተም እኔም ተመልካች ነን። ደግሞ ቢሮውስ የትኛው? ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ቡታጅራ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን መቀመጫ ናት፤ ወልቂጤ የጉራጌ ዞን። አራ ሸጣን ስልጤ ነው። ያንተ ዙር ቢያንስ ሦስት ዞን ይነካል። የመግቢያው ገንዘብ የማን ነው በሚል ብቻ ስንት ስብሰባ ይደረግ ይሆን?

ወጣቱ፦ የዞኑን ነገር አልክድም። ተራራውን ለሁለት የሚከፍል ወሰን እንግዳው አይታየውም፤ ገንዘብ ተቀባዩ ግን ይታየዋል። የመሬቱንም ፍርሃት እጋራለሁ። ግን ጋሼ፣ አንድ ነገር ያስታውሱልኝ። በ1950ዎቹ አዲስ አበባ ያሉ የጉራጌ ሰዎች ከየንግዳቸው አዋጥተው የመንገድ ማኅበር ሲያቋቁሙ ማን ጠበቁ? የአለምገና፣ ቡታጅራ፣ ሶዶ መንገድ የተጀመረው እኮ በሕዝቡ መዋጮ ነው። ሌላው አገር መንግሥት እስኪሠራለት ሲጠብቅ እኛ እንደ እቁብ አዋጥተን መንገድ ሠርተናል። ያ ሕዝብ ለጥቂት ቤቶችና ለጥቂት ፈረሶች የሚሆን ማኅበር ማቋቋም ያቅተዋል? ገንዘብ ያለው እስኪደርስ ከጠበቅን እሱ ይቀድመናል። ቀድመን ከተደራጀን ግን ሲመጣ የሚያነጋግረው ማኅበር ያገኛል።

አዛውንቱ፦ መንገዱን ማንሳትህ መልካም ነው። እኔ ያን ጊዜ ልጅ ነበርኩ። ግን መንገድና ማረፊያ አንድ አይደሉም። መንገድ ያዋጣውም ያላዋጣውም ሄደበት። ደሃው በርበሬውን፣ ቆጮውን ተሸክሞ ሄደበት። ማረፊያ በር አለው፣ ባለቤት አለው። ፈረስ ያለው ቤት ይጠቀማል፤ ፈረስ የሌላት መበለት ምን ታገኛለች? ቤቱ ያማረለት እንግዳ ያገኛል፤ ጣራው የሚያፈስሰው አያገኝም። ጎረቤት ከጎረቤት የሚለያየው እንዲህ ባለ ነገር ነው። በለቅሶም በሠርግም እኩል የሚቆም መንደር ነበረን። ይህን እንዴት ትመልሰዋለህ?

ወጣቱ፦ …ከገቢው ለመንደሩ የሚቀር ይኑር። ለምንጭ፣ ለትምህርት ቤት፣ ለተቸገረ።

አዛውንቱ፦ ስንት?

ወጣቱ፦ መንደሩ ይወስን።

አዛውንቱ፦ መንደሩ ከመወሰኑ በፊት እንግዳ ከመጣ፣ የሚወስነው ገንዘቡ ነው።

እናት፦ እኔ አንድ ነገር ልጠይቅ፤ መልሱን ለሁለታችሁም። ልጄ፣ ደንቡ ቢጻፍና መንደሩ አይሆንም ቢል ትተወዋለህ?

ወጣቱ፦ ይከብደኛል። ግን እተወዋለሁ።

እናት፦ ወንድሜ፣ መንደሩ ይሁን ቢልስ? እርስዎ ቤትዎን ባይከፍቱም ሌላውን ሳያኮርፉ ይኖራሉ?

አዛውንቱ፦ ቤቴን አልከፍትም። ይህን አልቀይርም። ሌላው ቢከፍት ግን ጠላት አልሆነውም። ተራራውን እንዳሳየው የሚፈልግ ልጅ ቢመጣ አብሬው ለመሄድ ጉልበቴ ካለ እሄዳለሁ፤ ለዚያ አንድ ብር አልቀበልም።

ወጣቱ፦ ጋሼ፣ ከእርስዎ ጋር የሄደ ልጅ ከእኔ ማረፊያ የበለጠ ይማራል። ግን እርስዎን የመሰለ ሰው ለስንቱ ይደርሳል? ሁሉም ደግሞ የሚመራው አያት የለውም።

አዛውንቱ፦ ለዚህ መልስ የለኝም። አንተም ለመበለቷ መልስ የለህም።

እናት፦ እንግዲያው ሁለቱን ጥያቄ ይዛችሁ ሽማግሌዎቹ ፊት ቅረቡ። ሴቶቹም ይጠሩ፤ ቆጮው በእኛ እጅ ነውና ያለ እኛ የተጻፈ ደንብ አይሠራም። ክፍያው ለማን፣ ለመንደሩ የሚቀረው ስንት፣ ለቅሶ ሲኖር፣ ሰው ሲታመም፣ ፈረሱ ሲደክም፣ እንግዳው ሲያጠፋ፣ ሁሉም በወረቀት ይስፈር። መስቀል ሲደርስ የአዲስ አበባ ሰው ሁሉ እዚህ ይሆናል፤ ገንዘብ ከማዋጣቱ በፊት ደንቡ ይነበብለት። አዋጡ ሳይሆን ስሙ ብላችሁ ጥሩት።